የነርስ ዩኒስ ሪቨርስ ሕይወትና የተስኪጊው ጥናት

በነርስነት ሙያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በምስጋና የሚነሣ ብዙዎች ናቸው፤ በወቀሳ ብቻ የሚነሡም አይጠፉም። የአሜሪካዊቷ ነርስ የዩኒስ ሪቨርስ ስም ግን በሁለቱም መንገድ ይነሣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ድሆች ገበሬዎችን በትጋት ያገለገሉ፣ በመንግሥት የተሸለሙ፣ በአካባቢያቸው ሰው ዘንድ እንደ ቅርብ ዘመድ የሚታዩ ሴት ነበሩ። በዚያው ዘመን ደግሞ በሕክምና ምርምር ታሪክ እጅግ ከተነቀፉት ጥናቶች አንዱ ያለ እርሳቸው ድካም ያን ያህል ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ሕይወታቸው ለነርሶች ሁሉ፣ በተለይም በሕክምና ምርምር ሥራ ላይ ለተመደቡት፣ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒስ ሪቨርስ የተወለዱት ኖቬምበር 12 ቀን 1899 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ኧርሊ በተባለ የገጠር ወረዳ ውስጥ ነው። አባታቸው ትንሽ መሬት የሚያርሱና በእንጨት መሰንጠቂያም የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ያረፉት ዩኒስ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ለሚኖር ጥቁር ገበሬ ልጁን ከማሳ ጉልበት ሥራ የሚያወጣበት መንገድ ከትምህርት በቀር እምብዛም አልነበረምና አባትየው ልጃቸውን ለማስተማር የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በ1918 ዩኒስ፣ ቡከር ዋሽንግተን በ1881 በአላባማ ክፍለ ግዛት ካቋቋሙት ከታወቀው የተስኪጊ ተቋም ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት የተማሩት የእጅ ሥራ ነበር፤ ኋላ ግን በአባታቸው ምክር ወደ ነርስነት ትምህርት ተዛውረው በ1922 ተመረቁ።

ያ ትምህርት በጊዜው መመዘኛ መልካም ትምህርት ነበር። ነርሷ ቁስል ማጠብን፣ ሕመምተኛን ማንሣትና ማስተኛትን፣ ንጽሕናን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን አያያዝ ትማር ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሐኪሙ ትእዛዝ ታማኝ መሆንን ትማራለች። የሕክምና ምርምር ምን እንደሆነ፣ ለምርምር የተመረጠ ሰው ምን መብት እንዳለው፣ ነርሷ በሐኪሙ ዓላማና በሕመምተኛው ጥቅም መካከል ልዩነት ያየች እንደሆነ ወዴት አቤት እንደምትል ግን የሚያስተምር አልነበረም። ይህ ጉድለት የአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን የዘመኑ ሁሉ ጉድለት ነበር። ምክንያቱም ለምርምር ተገዢ ስለሆኑ ሰዎች የተጻፈው የመጀመሪያው ታላቅ ዓለም አቀፍ ድንጋጌ የኑረምበርጉ ሲሆን፣ እርሱም የወጣው በ1947 ነው።

ሚስ ሪቨርስ በ1923 ሥራ የጀመሩት ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት በሚባለው አገልግሎት ውስጥ ነው። ይህ ትምህርት ቤት በአንድ የጭነት መኪና የተጫነ ነበር። ከእርሻ አስተማሪና ከቤት አያያዝ አስተማሪ ጋር ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ስለ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ ወባ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ያስተምሩ ነበር። ቆይተውም የልምድ አዋላጆችን በማሠልጠንና ልደትና ሞት በሚገባ እንዲመዘገብ በማድረግ ሥራ ላይ ተሰማሩ። በእነዚህ ዓመታት ያገኙት ዕውቀት በመጽሐፍ የማይገኝ ነበር። የገጠሩን ሰው አነጋገር፣ ዓይን አፋርነቱን፣ ከነጭ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚሰማውን ፍርሃት፣ ማን ሲናገር እንደሚሰማና ማንን እንደሚጠራጠር ለይተው ዐወቁ። በቤቱ በረንዳ ተቀምጦ ስለ ሰብል ሳይጫወቱ ስለ ሕመም መጠየቅ እንደማይገባ ተረዱ።

ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በመጣ ጊዜ ግን የመንግሥት በጀት ስለ ተቀነሰ ይህ ሥራቸው ተቋረጠ። በተስኪጊ ተቋም ውስጥ ባለው በጆን አንድሩ መታሰቢያ ሆስፒታል የሌሊት ተቆጣጣሪ ሆነው ጥቂት ወራት ሠሩ። የሌሊቱን ሥራ አልወደዱትም ነበርና በ1932 ሌላ ሥራ ሲገኝ በደስታ ተቀበሉት። በሙያቸውም በስማቸውም ላይ እስከ ዛሬ የሚነገረውን ሁሉ ያመጣው ይህ ሥራ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሮዘንዋልድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1929 ጀምሮ በአሜሪካ ደቡብ ባሉ ጥቂት ወረዳዎች ውስጥ ቂጥኝን ለመመርመርና ለማከም ገንዘብ ሰጥቶ ነበር። ከወረዳዎቹ አንዷ ተስኪጊ የምትገኝባት ሜከን ነበረች፤ በዚያም ከተመረመሩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በሽታው ተገኘበት። ድርጅቱ በድቀቱ ምክንያት ገንዘቡን ሲያቆም ሕክምናውም ቆመ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች ግን ሌላ ሐሳብ አመጡ። ማከም ካልተቻለ ያልታከመ ቂጥኝ በጥቁር ወንዶች ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርስ እንከታተል አሉ። በኖርዌይ፣ በኦስሎ ከተማ ባልታከሙ ነጮች ላይ የተደረገ ጥናት በ1929 ታትሞ ነበርና ከእርሱ ጋር ለማነጻጸር ፈለጉ። የኦስሎው ጥናት ግን ፍቱን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት የነበሩ ሰዎችን መዝገብ ኋላ ተመልሶ የመረመረ ነበር። የሜከኑ የተጀመረው መድኃኒት ባለበት ዘመን ነው። ያ መድኃኒት ከአርሴኒክ የተሠራ፣ አድካሚና አደገኛ ቢሆንም ሐኪሞች ሁሉ የሚያዝዙት ነበር።

በጥናቱ 600 ያህል ወንዶች ተመዘገቡ፤ 399ኙ ቂጥኝ ያለባቸው፣ 201ዱ የሌለባቸው ነበሩ። አብዛኞቹ በሰው መሬት ጥጥ የሚያርሱ፣ ብዙም ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። የበሽታቸው ስም አልተነገራቸውም፤ ያለባቸው የደም መበላሸት ነው ተባሉ። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ለምርመራ ሲቀዳ እንኳ የተጠሩት ልዩ ነጻ ሕክምና ነው በሚል ደብዳቤ ነበር። ሥራው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልቃል ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ ዶክተር ሬይመንድ ቮንደርሌር በ1933 የክፍሉ ኃላፊ በሆኑ ጊዜ ሰዎቹ እስኪሞቱ ድረስ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ሚስ ሪቨርስ ለዚህ ሥራ የተመረጡት በሆስፒታሉ ዋና ሐኪም በዶክተር ዩጂን ዲብል አማካይነት ነው። ዶክተር ዲብል ጥቁር ሐኪም ነበሩ፤ የተቋሙ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሞተንም ጥናቱን ፈቅደዋል። ስለዚህ ነርሷ ያከብሯቸው የነበሩት የራሳቸው ወገኖችና የአገሪቱ መንግሥት ሐኪሞች በአንድነት የተስማሙበት ሥራ ሆኖ ቀረበላቸው። ሥራው የሙሉ ጊዜ አልነበረም፤ ቀሪውን ጊዜ በሌላ የጤና አገልግሎት ያሳልፉ ነበር። በወረዳው ውስጥ ስለ ጥናቱ የሚያማክሩት ሌላ የምርምር ነርስ አልነበረም። ከጥናቱ ሐኪሞች ውጭ የሚቆጣጠር ኮሚቴም አልነበረም። የሙያ ማኅበርም ቢሆን የሚጠጉበት አልነበረም፤ በደቡብ ባሉት በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ጥቁር ነርሶች የክፍለ ግዛቱ ነርሶች ማኅበር አባል መሆን ስለማይፈቀድላቸው በብሔራዊው ማኅበርም ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር እነዚህን ነርሶች በቀጥታ አባልነት ለመቀበል የወሰነው በ1948 ነው።

ሥልጠናና ድጋፍ የጎደለው ሰው ጉድለቱን ባለው ነገር ይሞላል። ሚስ ሪቨርስም የነበራቸው ሰውን የማወቅ ችሎታ ነበርና ጉድለቱን የሞሉት በእርሱ ነው። ሐኪሞቹ ከዋሽንግተንና ከሌላም ስፍራ በየጊዜው ይመጣሉ፣ መርምረው ይሄዳሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌሎች ይተካሉ። ዓመት ከዓመት የማይለወጡት ነርሷ ብቻ ነበሩ። ጭቃ በበዛበት መንገድ መኪናቸውን እየነዱ ሰዎቹን ከየቤታቸው ያመጡና ይመልሱ ነበር። ኋላም የመንግሥት ምልክት ያለበት መኪና ተሰጠ፤ በእርሱ ተቀምጦ በከተማ ማለፍ ለአንድ ድሃ ገበሬ ትልቅ ክብር ሆኖ ይታይ ነበር። ወጣት ሐኪሞች ሰዎቹን በንቀት ሲያነጋግሩ ነርሷ ለሐኪሞቹ የአገሩን ወግ ያስረዱ፣ ሰዎቹንም ያባብሉ ነበር። በጉዞው መካከል ስለ ልጆቻቸው ይጠይቋቸዋል፤ ልብስና ምግብ ላጣው ከየትም ፈልገው ያመጡለታል። ከበሽታው ጋር ግንኙነት ለሌለው ሕመም አስፕሪንና ጉልበት ይሰጣል የሚባል መድኃኒት ያድሉ ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ ከባዱ የአስከሬን ምርመራ ፈቃድ ማግኘት ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው በልብ፣ በደም ሥርና በአንጎል ላይ ያደረሰውን ለማየት የፈለጉት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ይህንንም አስቀድሞ ለሰዎቹ መንገር ያስደነግጣል ብለው ሸሸጉት። ሚልባንክ የተባለው የመታሰቢያ ድርጅት አስከሬኑ እንዲመረመር ለፈቀደ ቤተሰብ ለቀብር የሚሆን እስከ 50 ዶላር እንዲሰጥ ተደረገ። የቀብር ወጪ ለድሃ ቤት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ዕድር ላለው አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነርሷ በለቅሶ ቤት ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ፣ ያጽናናሉ፣ ከዚያም ፈቃዱን ይጠይቃሉ፤ በቀብሩም ላይ ይገኛሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከጠየቋቸው 145 ቤተሰቦች እምቢ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር በሐኪሞቹ ዘንድ እንደ ታላቅ ውጤት ተቆጠረ። ቤተሰቦቹ እሺ ያሉት ግን ለጥናቱ ሳይሆን ለነርሷ ነበር፤ ሟቹ ሊታከም ይችል እንደነበር የነገራቸው የለም።

ጥናቱ እጅግ ከባድ ጥያቄ ውስጥ የገባው በ1940ዎቹ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ በውትድርና ምልመላ ከጥናቱ ሰዎች አንዳንዶቹ ተመርምረው እንዲታከሙ ታዘዙ። የጥናቱ ኃላፊዎች ግን ስማቸውን ለመልማዩ ቦርድ አስተላልፈው ከትእዛዙ እንዲቀሩ አደረጉ። በ1943 ዶክተር ጆን ማሆኒ ቂጥኝን በፔኒሲሊን ማከም እንደሚቻል አሳዩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፔኒሲሊን በአገሪቱ ሁሉ መደበኛ መድኃኒት ሆነ። ለሜከን ወረዳ ሰዎች ግን እንዳይሰጥ ተደረገ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በሌላ ስፍራ፣ በሌላ ምክንያት አግኝተውታል፤ ብዙዎቹ ግን አላገኙም ወይም ያገኙት ለመዳን የማይበቃ ነበር።

በዚህ ጊዜ የነርሷ አቋም ምን እንደነበር ብዙ ክርክር አለ። እርሳቸው በሽምግልናቸው ዘመን በሰጡት ቃል ማንንም ሰው አትታከም ብለው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ሰዎቹ ያገኙት የምርመራ ክትትል ሌላው ጥቁር ገበሬ ከሚያገኘው የተሻለ ነበር የሚል እምነትም ነበራቸው። ይህ እምነት ፍጹም መሠረት የለውም አይባልም፤ በወረዳው ብዙ ሰው ሐኪም ሳያይ ይሞት ነበርና። ይሁን እንጂ ሰዎቹ ቂጥኝ እንዳለባቸውና ጥናቱ ያልታከመን በሽታ እንደሚከታተል ያውቁ ነበር። ሰዎቹ ይህን እንደማያውቁም ያውቁ ነበር። የሐኪም ትእዛዝን መፈጸም የነርስ ተግባር ነው ተብለው ስለ ተማሩ ውሳኔውን የሐኪሞቹ አድርገው ተዉት። እንክብካቤው የእርሳቸው ነው፤ ዕውቀቱ የሐኪሞቹ ነው። በዚህ ክፍፍል ውስጥ እውነቱን ለሕመምተኛው የመንገር ኃላፊነት የማንም ሳይሆን ቀረ።

ሚስ ሪቨርስ በ1952 ጁሊየስ ሎሪ የተባሉትን ሰው አግብተው ወይዘሮ ሎሪ ተባሉ። በ1953 የሃያ ዓመቱን የክትትል ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት መጽሔት ሲወጣ ከሐኪሞቹ በፊት በመጀመሪያ የተጠቀሰው የእርሳቸው ስም ነበር። አንዲት ጥቁር ነርስ በዚያ ዘመን ይህን ክብር ማግኘቷ እንግዳ ነገር ነበር። ጽሑፉ የሚያወሳው ነርስ በረጅም ጥናት ውስጥ የሰዎችን ታማኝነት እንዴት እንደምትጠብቅ ሲሆን፣ ያ ታማኝነት በምን ላይ እንደ ቆመ አይጠይቅም። በዚያው በ1953 ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ደንቡ ነርሷ የሐኪሙን ትእዛዝ በታማኝነት እንድትፈጽም ያዝዛል፤ ከሥነ ምግባር ውጭ በሆነ ሥራ ከመሳተፍም እንድትከለከል ይጠይቃል። ሁለቱ ሲጋጩ ምን እንደምታደርግ ግን የሚያሠለጥናት ገና አልነበረም። በ1973 ደንቡ ሲሻሻል የነርሷ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ።

በ1958 የአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ ሚኒስቴር በኦቬታ ከልፕ ሆቢ ስም የተሰየመውን ሽልማት ለወይዘሮ ሎሪ ሰጠ። በዚያው ዓመት ለጥናቱ ሰዎች የምስክር ወረቀትና ለየአንዳንዱ ዓመት አንድ ዶላር ተቆጥሮ 25 ዶላር ተሰጣቸው። ወይዘሮ ሎሪ በ1965 ጡረታ ቢወጡም ተተኪያቸውን መርዳታቸውን አላቋረጡም።

በ1966 ፒተር ባክስተን የተባለ የጤና አገልግሎቱ ወጣት ሠራተኛ ጥናቱን በመቃወም ለአለቆቹ ጻፈ። ባክስተን ሐኪምም ነርስም አልነበረም፤ ከሌሎች የተለየው መጠየቁ ነበር። በ1969 የተሰበሰበው ጉባኤ ጥናቱ እንዲቀጥል ስለ ወሰነ ነገሩ በመጨረሻ ወደ ጋዜጠኞች ደረሰ። በጁላይ ወር 1972 ጂን ሄለር የአሶሺየትድ ፕሬስ ዘጋቢ ሆና ያወጣችው ዜና አገሪቱን አናወጠ፤ በዚያው ዓመት ጥናቱ ተዘጋ። በሕይወት የቀሩት ቂጥኝ ያለባቸው ሰዎች 74 ነበሩ። ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ በሰዎቹ ስም ክስ አቅርቦ በ1974 በ10 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት የምርምር ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን የምርምር መሠረት አድርጎ አስቀመጠ። ዛሬ በየአገሩ ያለ ተመራማሪ ከሰዎች ፈቃድ ሲጠይቅ የሚከተለው ሥርዓት ከዚህ ታሪክ ብዙ ወርሷል።

ወይዘሮ ሎሪ ዜናው ሲወጣ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ነበር። የሕይወታቸው ኩራት የነበረው ሥራ በአንድ ቀን የኀፍረት ስም ተሰጠው። በተስኪጊ ከተማ በዝምታ ኖረው ኦገስት 28 ቀን 1986 ዐረፉ። መንግሥት በፕሬዚዳንት ክሊንተን አፍ ይቅርታ የጠየቀው ከዚያ በኋላ በ1997 ነው። በዚያው ዓመት በእርሳቸው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩባቸዋል።

አንዳንዶቹ ወገናቸውን ለሐኪሞች አሳልፈው የሰጡ አድርገው ይፈርዱባቸዋል። ሌሎች ደግሞ ሴት፣ ጥቁርና ነርስ በመሆናቸው በሦስት ዕጥፍ የበታች ስለ ነበሩ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር ይላሉ። ሁለቱም አስተያየት ብቻውን በቂ አይደለም። ሥልጠና ያልተሰጣቸውና ድጋፍ ያልነበራቸው መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ጥፋት ዘመኑንና አለቆቻቸውን ይመለከታል። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ፣ ፔኒሲሊን ሲመጣ፣ የኑረምበርጉ ድንጋጌ ሲወጣ፣ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሲሞቱ ጥያቄ ለማንሣት ብዙ አጋጣሚ ነበር። ጥያቄውን ለማንሣት ከማንም ይልቅ ቅርብ የነበሩት እርሳቸው ነበሩ።

ዛሬ በሕክምና ምርምር የምትሠራ ነርስ እንደ እርሳቸው የተተወች መሆን የለባትም። በ1996 የወጣው ዓለም አቀፍ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ በጥናት ላይ የሚሠራ ሁሉ ለሥራው የሚበቃ ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ እንዲኖረው ያዝዛል። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም በ2016 የክሊኒካዊ ምርምር ነርስነትን ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አድርጎ ተቀብሏል። ሆኖም መመሪያ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ሥልጠና አይሆንም። ብዙ ነርስ ከክፍሏ ተነሥታ በጥናት ላይ ስትመደብ የሚሰጣት አንድ ጥራዝ ፕሮቶኮልና አንድ ፊርማ የሚሰበሰብበት ቅጽ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ እንደ ሚስ ሪቨርስ ጉድለቱን በራሷ ትጋት፣ በመልካም ጠባይዋና ከሕመምተኛው ጋር ባላት ቅርበት ልትሞላው ትነሣለች። ሥራው ይሳካል፤ የተመዘገበው ሰው አይጠፋም፤ አለቆቿም ያመሰግኗታል። የሕመምተኛው እምነት ግን በማያውቀው ነገር ላይ እንዳይውል የሚጠብቅ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ነርሷ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት የጥናቱ ዓላማ ምን እንደሆነ፣ ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ምን እንደተነገረው፣ በጥናቱ መካከል የተሻለ መድኃኒት ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ ቅር የሚያሰኝ ነገር ስታይም ከጥናቱ ኃላፊ ውጭ ለማን እንደምትናገር መጠየቅ ይገባታል። መልስ ያላገኘችበትን በጽሑፍ ማስፈር፣ ያልሠለጠነችበትን ሥራ አልሠለጠንኩበትም ማለት ከሙያዋ ክብር የሚቆጠር ነው። የሚመድቧት አለቆችም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሥራዋ ክፍል ሊቀበሉት ይገባል። የሙያ ማኅበራት ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በየጥናቱ ብቻዋን የተመደበችውን ነርስ መፈለግ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ማገናኘት፣ አቤት ስትል ጀርባዋን መደገፍ የማኅበር ሥራ ነው። ዩኒስ ሪቨርስ በሜከን ወረዳ በቆዩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ማኅበር አላገኙም።